ከአሻራው በላይ የቀረ ባዶ ቦታ

አክስቴ ወለተጻድቅ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቦኖ ውሃ የምቀዳው እኔ ነኝ። ከሴቶች መካከል አንድ ወንድ ብቻ ሆኖ መቆም ያሳፍረኛል፤ ስለዚህ ሁለቱን የጋዝ ቆርቆሮ ከፊቴ አስቀምጬ ተራዬ እስኪደርስ መሬት መሬቱን አያለሁ። የዚያን ቀንም መሬት መሬቱን እያየሁ ሳለ ነው የአልፊያን ድምፅ የሰማሁት። አልፊያ ቧንቧውን የምትከፍትና የምትዘጋ፣ በቆርቆሮ ሁለት ሁለት ሳንቲም የምትቀበል የሰፈራችን ልጅ ናት። ወንድሟ ትናንት ፍርድ ቤት ውሎ የሰማውን ሁሉ ነግሯት ኖሮ፣ እሷ ደግሞ ቆርቆሮ በሞላ ቁጥር ለሰልፈኛው ታካፍላለች።

«ፈረንጁን አምስት መቶ ብር ቀጡትና በሦስት ቀን ውስጥ ካገር ይውጣ አሉ። ጀይሉን አራት ዓመት።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት በአንድ ከበሮ እንዲህ የተለያየ ፍርድ ይሰጣል ወይ ብላ ጠየቀች። ከበሮውማ ሁለት ነው፣ አለቻት ሌላዋ፤ ቀላሉን ለፈረንጁ ከባዱን ለጀይሉ አሸክመዋቸው ይሆናል። ተሳቀ። ነገሩን በሰፈራችን የማያውቅ አልነበረም። የእማማ ሚስኪ ልጅ ጀይሉ ቆዳ ሰፊ ነው። በእናቱ ግቢ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ጸጉረ ረጅም ፈረንጅ ሁለት ከበሮ በቆዳ ወጥሮ ሰጠው። ቦሌ ላይ ፈታሹ አንዱን ከበሮ በጣቱ መታ መታ ቢያደርገው አልጮኸም፤ ቢቀድዱት ውስጡ ሐሺሽ ተጠቅጥቆ ተገኘ። ጀይሉ ከበሮዎቹን ተሸክሞ እስከ በሩ ሸኝቶት ነበርና ሁለቱም አንድ ላይ ተያዙ። ለፖሊስ በሰጠው ቃል፣ ውስጡ የገባውን አይቻለሁ፣ የአገራችሁ ሣር ነው ብሎኝ እኔም ዝም ብዬ ሰፋሁት ነው ያለው። አላየሁም ብሎ አልካደም። ፈረንጁ ዕቃውን ከየት እንዳመጣው ግን አጥብቆ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አልፊያ ዋናውን ገና አልነገርኳችሁም አለች። ቧንቧውን ዘግታ፣ ነጠላዋን እንደ ካባ ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ እንደ ዳኛው ድምፅዋን አወፈረች።

«‹ተከሳሹ አገሩንና መንገዱን የማያውቅ፣ የመሩትን የሚከተል እንግዳ ነው› ይላል የሰፈራችን ወረቀት። ዳኛው አንሥተው አነበቡት። ከዚያ ምን አሉ፣ ‹እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንደመሰከሩት ተመሪው ይህ ነው፤ መሪው ያኛው ነው።› ወደ ጀይሉ እያሳዩ። የገዛ ሽማግሌዎቻችን፣ አያችሁ?»

የመሩትን የሚከተል። ቃሉ ከአልፊያ አፍ ሲወጣ ጆሮዬ ጋለ። ቃሉ የሽማግሌዎቹ አይደለም። የኔ ነው። ኮማው ሳይቀር የኔ ነው።

«ደመቀ፣ ተራህ ደርሷል» አለችኝ። «ምን ታቀረቅራለህ፣ ሳንቲም ጠፍቶብህ ነው?»

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። ሁለቱን ቆርቆሮ ሞልቼ አነሣሁ፤ ቤት ስደርስ ግማሹ ሱሪዬ ላይ ፈስሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የፈረንጁ ጠበቃ በቮልስዋገን እስከ ሰፈራችን መጥቶ የዕድራችን ዳኛ የሆኑትን አጎቴን፣ ጋሼ ተክለማርያምን አነጋገረ። ደንበኛው ወጣት ነው፣ ከዚህ በፊት ተከሶ አያውቅም፤ የሚኖርበት ሰፈር ስለ ጠባዩ ሁለት ቃል ቢጽፍለት የዳኞቹ ልብ ይራራል አለ። መዝገቡ አንድ ስለሆነ ለአንዱ ከቀለለ ለሌላውም ይቀልላል ብሎ አከለበት። ከዕድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ሐጂ ሽኩር፣ እንግዲያው ለጀይሉም ለብቻው ይጻፍለት ብለው ነበር። አጎቴ ግን፣ የራሳችንን ልጅ እኛው ብናመሰግን ማን ያምነናል፣ ነውርም ነው አሉ፤ የቀሩትም እውነት ነው አሉ። ለእንግዳ መመስከር ግን ወግ ነው። ለዚህ አንድ ሰው እንኳ አላንገራገረም። እማማ ሚስኪ ራሳቸው፣ የሰው አገር ሰው ነው፣ እናቱ ሩቅ ናት፣ ጻፉለት አሉና የመጀመሪያውን አውራ ጣት የጫኑት እሳቸው ሆኑ።

የዕድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ያለኝ እጅ ጽሕፈቴ ብቻ ነው። ሥራውን ያስረከቡኝ ሽማግሌ ከመሞታቸው በፊት ሁለት ነገር አስተምረውኛል። አንደኛው፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ስታነብ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ጣትህን አስኪድ የሚል ነበር፤ ፊደሉን ባያውቅም የጣትህን አካሄድ አይቶ አልዘለለም አልጨመረም ብሎ ያምንሃል ይሉኝ ነበር። ሁለተኛው፣ ከጽሑፉና ከአሻራው መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ ሳታሰምርበት ወረቀቱ ከእጅህ አይውጣ የሚል ነው፤ አጭበርባሪ የሚገባው በዚያ ነው። ያን ቀን ጽፌ ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩላቸው። የተከበረ ቃል ነው አሉ። ሰባቱም ተራ በተራ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ጫኑ፤ ነገር ግን ፊደሉን እንዳያበላሹብኝ ስለፈሩ ሁሉም ከጽሑፉ ራቅ፣ ወደ ታች ወረድ ብለው ነበር የጫኑት። በማግሥቱ ለጠበቃው ልሰጠው ሳወጣው ሁለት መስመር ባዶ ቦታ ቀርቶ አየሁ። ማስመር ነበረብኝ። ማስመሪያውን አንሥቼም ነበር። ግን ገጹ በጣም አምሮ ነበር፤ በዚያ ላይ ወፍራም ሰረዝ መጋደሙ ቅር አለኝ። ቁጭ ብዬ ፊደል ቆጠርኩ። አገሩንና መንገዱን የማያውቅ፣ የመሩትን የሚከተል እንግዳ ነው። ልክ ሁለት መስመር ሞላ። ራቅ አድርጌ ይዤ አየሁትና ደስ አለኝ። እውነት ይሁን አይሁን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ ማማሩ ነው።

እቤት ስገባ አጎቴ ቁርስ ላይ ነበሩ። ዳቦአቸውን ሻይ ውስጥ እያጠቀሱ፣ ሳይበሉት መልሰው ሳህኑ ላይ ያስቀምጡታል። አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በቅቤ ያሻሉ። ግድግዳችን በጋዜጣ የተለጠፈ ስለሆነ ሰው ዝም ሲል ዓይኔ ያረፈበትን አነባለሁ፤ ያን ጠዋት የቡና ዋጋ መውደቁን የሚናገረውን ወሬ አራት ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም። አጎቴ ትናንት ማታ ሐጂ ሽኩር ዘንድ ሄደው እንደነበር ለአክስቴ እየነገሩ ነበር፤ ለኔ ለማሰማት እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ሐጂ ሽኩር ያንን ቃል ያስጻፈው ተክለማርያም ነው ብለው ጠርጥረዋል፤ አጎቴ በበኩላቸው ሐጂ ሽኩር ከጠበቃው ጋር ለብቻቸው ያወሩትን አስታውሰው እሳቸውን ጠርጥረው ነበር። ለሃያ ዓመት የተዋወቁ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ሳይሰነባበቱ ተለያዩ። አክስቴ፣ ታዲያ ማን ነው ያለው ብለው ጠየቁ። አጎቴ ብርጭቆውን አስቀምጠው እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። እኔ የቡናውን ወሬ ለአምስተኛ ጊዜ አነበብኩ።

«ወረቀቱ ሲነበብ ጆሮዬ አልደነቆረም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሰባት ሰው አሻራውን አድርጎበታል። የዕድሩ ማኅተም አርፎበታል። ዛሬ አንዱ ተነሥቶ ከራሴ ጨመርኩ ቢል፣ ሰባቱም ያልሰሙትን መሰከሩ ይባላል። ይግባኝ አለ። በይግባኝ ይቀልለታል።»

የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፉ፤ እንደገና ከታች እስከ ላይ ፈቱ፤ ከዚያ እንደገና ቆለፉ። አክስቴ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደቆመ ቀረ።

የምንሠራው አጠና ተራ ነው። አጎቴ ባሕር ዛፍ ያመጣሉ፤ እኔ ለይቼ እከምራለሁ፣ እሸጣለሁም። ያን ሰሞን ወፍራሙ ቋሚ አንድ ብር ከስሙኒ፣ አጠናው ስሙኒ፣ ማገሩ ደግሞ አንዱ እስር በሽልንግ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ ስሳሳት አረፈድኩ። ከአስኮ ቤት ሊሠራ ለመጣ ሰው ዐሥራ ሁለት ቋሚ ብሎኝ ዐሥራ አራት ጫንኩለት፤ ሰውየው ሐቀኛ ስለነበረ ሁለቱን መለሰልኝና፣ እናንተ ኮልፌዎች ከበሮ መሥራት ነው እንጂ እንጨት መቁጠር አትችሉም አለኝ። ወሬው አስኮ ደርሷል ማለት ነው። አጎቴ ሰምተዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ልጥ ማሰር ቀጠሉ። ለመሳቅ ሞከርኩ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ያን ፈረንጅ አስታወስኩት። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከወያላ ጋር ስለ ዐሥር ሳንቲም በአማርኛ ሲከራከር አይቼዋለሁ። በአንድ እሑድ ከእንጦጦ በእግሩ ሲመለስ አግኝቶኝ፣ እኔ ኮልፌ ተወልጄ የማላውቀውን የአቋራጭ መንገድ አሳይቶኛል። በየክፍለ ሀገሩ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ዞሯል። ጀይሉ ግን ከመርካቶ ቆዳ ገዝቶ ከመመለስ በቀር የት ሄዶ ያውቃል? ይህን ሁሉ ያን ቃል ስጽፍም አውቀው ነበር።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ እማማ ሚስኪ መጡ። ከከርቸሌ በእግራቸው ነው የተመለሱት፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፣ ባዶውን የስንቅ ዕቃ በመሐረብ ቋጥረው ይዘዋል። ለአጎቴ ሰላምታ ሰጡ፤ አጎቴ ተነሥተው ጎንበስ አሉላቸው፣ ጀይሉ እንዴት ዋለ አሉ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ እሳቸው። ከዚያ ሁለቱም የተከመረውን እንጨት አዩ። እማማ ሚስኪ ወደ እኔ ዞረው መሐረቡን ከሌላው ጫፍ ፈቱ፤ በአራት የታጠፈ ወረቀትና የአንድ ብር ቴምብር አወጡ።

«ደመቀ ልጄ፣ ይግባኙን ጻፍልኝ። ለእንግዳው የጻፍከውን ዓይነት። ያንተን ቃል ዳኛ ይሰማዋል።»

አጎቴ ሳያዩኝ፣ ሂድና ጻፍላቸው አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ስለ ልጁ ጠባይ ብቻ ጻፍ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም አሉ። እማማ ሚስኪ አጎቴን አዩአቸው።

የእማማ ሚስኪ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ከበስተጀርባው ፈረንጁ ይኖርበት የነበረው ሦስተኛ ክፍል አለ። በሩ ላይ የጀይሉ መሥሪያ ጉቶ እንዳለ ተቀምጧል፤ ወስፌው ጉቶው ላይ ተሰክቶ ነበር፣ ግማሽ ድረስ የተሰፋ ቀበቶም ተንጠልጥሎ። የቤቱ ወለል በእበት የተለቀለቀ፣ ንጹሕ ነው። መደቡ ላይ ሁለት ቋጠሮ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሁለቱም የተቆላ ገብስና ሽምብራ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ጨርቅ የተቋጠሩ ናቸው። አንዱ ለነገ የከርቸሌ ስንቅ እንደሆነ ገባኝ። ሌላው የማን እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ ለሐሩን ነው አሉ፤ ነገ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ ዕቃውን ሊወስድ ዛሬ ይመጣል። የፈረንጁ ስም ለአፋቸው ስላልመቸ ከመጣ ጀምሮ ሐሩን ብለው ነው የሚጠሩት፤ እሱም ሐሩን ሲሉት አቤት ይላል። በርጩማውን አቅርበው የቀለም ብልቃጡን አጠገቤ አስቀመጡ። ለሻይ ውሃ ሊጥዱ ሲነሡ መኪና ግቢው በር ላይ ቆመ።

ሐሩን ከስቷል። ጸጉሩን በእስር ላይ ቆርጠውት ነበር፤ አንገቱ ነጭ፣ እንደ ሕፃን ቀጭን ሆኖ ታየኝ። ከቆንስላው የተላከ ሾፌር አብሮት ነበር፤ ሾፌሩ ከመኪናው አልወረደም። ሐሩን ጓሮ ገብቶ መጻሕፍቱንና ቡትስ ጫማውን በአንድ ከረጢት ይዞ ወጣ፤ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ መደቡ ላይ አስቀመጠ። ለጀይሉ፣ አለ። ከርቸሌ፣ ብርድ። እማማ ሚስኪ ብርድ ልብሱን ተቀብለው አመሰገኑት። እሱ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ፤ ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር። አዝናለሁ እማማ፣ ይላል፣ አዝናለሁ፣ ደጋግሞ። እሳቸው ደግሞ ቋጠሮውን እጁ ላይ አኖሩት፣ ያለ ስንቅ መንገድ አይወጣም፣ እናትህን ሰላም በልልኝ አሉት። እኔን ያየኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። እጁን ያዝኩት፤ ምን ላደርግ?

«ወረቀት» አለኝ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየፈለገ። «ያንተ ወረቀት። በጣም ጥሩ። አመሰግናለሁ።»

እማማ ሚስኪ አጠገቤ ቆመው ሰሙት። አቀረቀርኩ። ሰው ያን ያህል አመስግኖኝ አያውቅም።

እስከ መኪናው ሸኘነው። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቶ ተጨነቀ፤ የመጣበት መንገድ ላይ ለቱቦ ጉድጓድ ተቆፍሮ አንድ የጭነት መኪና ዘግቶት ነበር። ወደኋላ ልመለስ፣ ወይስ ልጠብቅ ይል ጀመር። ሐሩን አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ግራና ቀኙን አየና በአማርኛ፣ አትመለስ አለው፤ በአጠና ተራ ጀርባ ዙር፣ ወፍጮ ቤቱን እለፍ፣ ትንሹ ድልድይ ጋ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቀጥታ አስፋልት። ሾፌሩ ገርሞት እሺ አለ። መኪናው በአጠና ተራ ጀርባ ዞሮ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ሄደ። አቧራው እስኪያርፍ እኔና እማማ ሚስኪ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። እሳቸው ትናንት ፍርድ ቤት ነበሩ። ዳኛው ያነበቡትን ሰምተዋል።

«ጎበዝ ልጅ ነው» አሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። «መንገዱን ሁሉ ያውቀዋል።»

ገብተው ውሃ ጣዱ።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። በቅጡ ለማላውቀው እንግዳ ስጽፍ ቃሉ ራሱ እየመጣ ይደረደርልኝ ነበር፤ ለጀይሉ አንድ መስመር ለመጻፍ አቃተኝ። እስከ አራተኛ ክፍል አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። የደብተር ቦርሳዬ ማንገቻ በተበጠሰ ቁጥር እሱ ነበር የሚሰፋልኝ፤ አንድ ጊዜም አልጠየቀኝም፣ አይቶ ራሱ ይወስድና ሰፍቶ ይመልስልኛል። ይህን ለዳኛ እንዴት ይጽፉታል? ትጉህ፣ ታዛዥ፣ እናቱን የሚረዳ እያልኩ ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ግን የማንም ሰው ስም ቢገባበት የሚሄድ ዓይነት ነው። እማማ ሚስኪ ሻይ አመጡልኝ፤ ጨው ያለው ሻይ። ጠጣሁ። ወደ ጉቶውና ወደ ወስፌው ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ የነሱ ግድግዳ ጋዜጣ የለበትም፣ የሚነበብ አላገኘሁም። አጎቴ ያሉትን አስታወስኩ። ሐጂ ሽኩርን አስታወስኩ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ሳይሰነባበቱ መለያየታቸውን። ዝም ብል የዕድሩ ስም ይድናል። ብናገር ሐሰተኛ ሰነድ ጽፈሃል ብለው ከጀይሉ ጎን ያስሩኝ ይሆናል። ፈራሁ። ደፋር ሰው ሆኜ አላውቅም። ነገር ግን ያ ልጅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ግራ፣ ከዚያ ቀጥታ ሲል የሰማሁት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ፤ እጄ ከኔ ቀድሞ ጻፈው። ሦስት መስመር ሆነ። ምንም ውበት የለውም። ጽፌ ስጨርስ ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በእጅጌዬ ግንባሬን ጠረግሁ።

ፀሐይዋ በበሩ ገብታ መደቡ ላይ የቀረው አንድ ቋጠሮ ላይ ደርሳ ነበር። አሥር ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። እማማ ሚስኪ እጃቸውን ታጥበው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እንደ ልማዴ ወረቀቱን ከፊታቸው ዘርግቼ ከመጀመሪያው መስመር ሥር ጣቴን አኖርኩና ማንበብ ጀመርኩ። ይግባኝ ባይ ጀይሉ፤ ዕድሜው ሃያ አራት፤ ሥራው ቆዳ ስፌት። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ እናቱን የሚጦር። ይነቀንቃሉ። ከሰው ተጣልቶ የማያውቅ። ከዚያ ሦስቱ መስመሮች ዘንድ ደረስኩ። ዳኛ ያንብበው፣ እሳቸው ፊት ግን አልችልም አልኩ በልቤ፤ ለመጻፍ እንጂ ለማንበብ ድፍረት አልነበረኝም። ጣቴ እንደ ልማዱ በሦስቱ መስመሮች ሥር አንድ በአንድ ሄደ፤ አፌ ዝም አለ። ከዚያ ወርጄ፣ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና እንዲያይልኝ የሚለውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩና ጨረስኩ። የቀለሙን ብልቃጥ ከፍቼ ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

እማማ ሚስኪ ጣታቸውን አልነከሩም። እጄን አንጓው ላይ ያዙና መልሰው ወረቀቱ ላይ አኖሩት፤ ጣቴን ራሳቸው እየመሩ ወደ ላይ አወጡት፣ አልፌው ከመጣሁት ቦታ ላይ አቆሙት።

«እዚህ ሦስት ጊዜ ሄደህ ተመለስክ» አሉኝ። «ድምፅ አልነበረህም። አንብብልኝ።»

አነበብኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር።

«ከዚህ በፊት በቀረበው ወረቀት ላይ፣ አገሩንና መንገዱን የማያውቅ የመሩትን የሚከተል የሚለውን፣ ሰባቱ ሰዎች አሻራቸውን ካደረጉ በኋላ እኔ ጸሐፊው ደመቀ ከራሴ ጨምሬ የጻፍኩት ነው። አንዳቸውም አላሉትም፣ አልሰሙትም። እውነትም አይደለም።»

ውጭ አንዲት ዶሮ ጉቶው ሥር የወደቀውን የቆዳ ቁራጭ ትጭራለች። እማማ ሚስኪ እሷን ያያሉ። እንዲጮኹብኝ፣ እንዲያባርሩኝ እየጠበቅሁ ነበር፤ ቢያባርሩኝ ደግሞ ይቀልለኝ ነበር።

«ለምን?» አሉ።

ብዙ ነገር ልል እችል ነበር። እንግዳ ስለሆነ፣ ጠበቃው ነገሩ አንድ ነው ስላለ፣ ለጀይሉም የሚጠቅም ስለመሰለኝ። አንዱም እውነት አልነበረም።

«ባዶ ቦታ ቀርቶ ነበር» አልኳቸው። «ሁለት መስመር።»

«ሁለት መስመር» አሉ። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ በልባቸው የሚያካፍሉ መስለው። «ለአንዱ መስመር ሁለት ሁለት ዓመት።»

ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። ትርፉን ብልቃጡ አፍ ላይ ጠረጉት። ባለፈው ጊዜ ሁላቸውም ፊደሉን ላለመንካት ምን ያህል እንደተጠነቀቁ ትዝ አለኝ፤ የሚጫኑበትን ላሳያቸው ጣቴን ወደ ታች ባወርድ አላዩልኝም። ጎንበስ ብለው የመጨረሻውን መስመር በዓይናቸው ፈለጉና፣ አውራ ጣታቸውን ከሥሩ፣ ቀለማቸው የኔን ቀለም እስኪነካ አስጠግተው ጫኑት። ግማሹ አሻራ በመጨረሻው መስመር ጫፍ ጸሐፊ ብዬ የፈረምኩት ስሜ ላይ አረፈ። ሲያነሡት ከጽሑፉና ከጣታቸው መካከል ፀጉር የሚያስገባ ቦታ አልነበረም።

ጣታቸውን በመሐረቡ ጠረጉና መደቡ ላይ የቀረውን ቋጠሮ አንሥተው ከብርድ ልብሱ ጋር አቀፉት። አስቀድመው ያሰቡበት ይመስል ሁለቱንም እጄ ላይ አደረጉልኝ።

«ወረቀቱን ነገ ራስህ ታስገባለህ» አሉኝ። «ከዚያ ይህን ለጀይሉ ታደርስልኛለህ። የጻፍከውንም አንብብለት፤ ጣትህን እያስኬድክ።»